ጥርሱ ላይ ሽቦ ያሰረ ሰው ሲታመም ምን ይብላ?

የገና ሰሞን ነው እንበል። አዲስ አበባ የምትማር ልጅ በዓሉን ከቤተሰቧ ጋር ለማሳለፍ ወደ መሐል ሜዳ ተሳፍራለች። ከመንገዷ ሁለት ቀን አስቀድሞ የጥርስ ሐኪሟ ሽቦዋን አጥብቆላታል። ደብረ ብርሃንን አልፋ፣ ከጣርማ በር ወደ መንዝ ስትታጠፍ ብርዱ መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። በማግስቱ ጉሮሮዋን ይከረክራታል፤ አፍንጫዋ ይደፈናል፤ ማታ ትኩሳት ይጨመርበታል። እናቷ በርኖስ ደርባላት ምድጃ አጠገብ ታስቀምጣትና ቤት ያፈራውን ታቀርባለች፤ ከምጣድ የወረደ የገብስ ቆሎ፣ በርበሬው የበዛ ሽሮ፣ እሳት የመሰለ ሻይ። ልጅቱ ጉንጯን ይዛ «እማዬ፣ ማኘክ አቃተኝ» ትላለች። «ታዲያ እህል ሳትቀምሺ በምን ትድኛለሽ፣ የኔ ልጅ?»

እናትየዋ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። የታመመ ሰው ካልበላና ካልጠጣ አቅም ያጣል። ጥርሱ ላይ ሽቦ ያሰረ ሰው ደግሞ ደህና ሳለም እንኳ ሁሉን አይበላም። ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ ሰው ሦስት አራት ቀን በሻይ ብቻ ይከርማል። እንደዚያ መሆን የለበትም። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ጓዳ ለእንዲህ ያለ በሽተኛ የሚሆነውን ምግብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የትኛውን ማቅረብ፣ የትኛውን እስኪሻላት ማቆየት እንደሚገባ ለመለየት ግን የሕመሙን ምንጭ ማወቅ ይረዳል።

በተለምዶ ብሬስ የምንለው የጥርስ ማስተካከያ ሦስት ነገሮች አሉት፤ በየጥርሱ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፉ ብራኬት የሚባሉ ትንንሽ ብረቶች፣ በእነሱ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ፣ ሽቦውን ከብራኬቱ ጋር የሚይዙ ደቃቅ ላስቲኮች። ጥርስ መንጋጋ ውስጥ በሲሚንቶ እንደ ቆመ ምሰሶ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ቀጭን ጅማት አለ። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋ ከፊቱ ያለው አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ከኋላው አዲስ አጥንት ይሞላል፤ ጥርሱም ቦታ ይለውጣል። ሽቦው በጠበቀ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያ ጅማት መታመም ይጀምራል። ሕመሙ በማግስቱ ገደማ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየቀለለ በሳምንት ገደማ ይተዋል። ስለዚህ ልጅቱን ያመማት ሽቦው ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ነው።

ጉንፋኑ በዚህ ላይ የራሱን ጣጣ ያመጣል። አፍንጫ ሲደፈን ሰው በአፉ ይተነፍሳል። የመንዝ ደጋ ብዙው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት አየር ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ደረቅም ነው። ሌሊቱን ሙሉ በአፉ ሲተነፍስ ያደረ ሰው ምራቁ ደርቆ፣ ከንፈሩ ከብረቱ ላይ ተጣብቆ ይነሳል። ምራቅ ሽቦ ላሰረ ሰው እንደ ቅባት ነው፤ ጉንጭና ከንፈር በብረቱ ላይ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። ሲደርቅ ብረቱ ሥጋውን እየፋቀ ያቆስለዋል። ከዚህም ሌላ ምራቅ ጥርስን ከሚበላው አሲድ የሚከላከል ነው። ትኩሳት ሲጨመር ደግሞ ሰውነት ራሱ ውሃ ያጣል።

ስለዚህ ከምግብ በፊት ውሃ ይቀድማል። አንድ ጊዜ በብዛት ከመጋት ይልቅ በየሩብ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ መጠጣት ይሻላል። ማታ መኝታ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀመጥ፤ በነቁ ቁጥር አፍን ማርጠብ ብቻውን ብዙ ቁስል ያስቀራል። ከንፈርን በቫዝሊን መቀባትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ገብሱ። የእህል ንጉሥ እየተባለ የሚወደሰው ገብስ በደጋው ቤት ሁለት ጠባይ አለው። ቆሎ ሲሆን ለብሬስ ጠላት ነው፤ አጥሚትና በሶ ሲሆን ግን ለታመመ ሰው ከእሱ የሚሻል ማግኘት ይከብዳል። አንዱ እህል፣ ከአንዱ ጎተራ ወጥቶ፣ እንደ አሠራሩ ይጎዳል ወይም ይጠግናል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ያስታውስ፤ ቆሎውን ለጤነኞቹ፣ ዱቄቱን ለታመመችው።

አጥሚት ሲሠራ ትልቁ ጉዳይ እንዳይጓጉል ማድረግ ነው። የገብስ ወይም የአጃ ዱቄቱ በወንፊት ደጋግሞ ይነፋ፤ ተርፎ የሚገባው ገለባ ደህና አፍ ላይ አይታወቅም፣ በብራኬቱና በድዱ መካከል ሲሰካ ግን እንደ እሾህ ይወጋል። ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ይበጥበጥና በሚፈላ ውሃ ላይ በቀስታ እየፈሰሰ ሳይቋረጥ ይማሰል። ቀጥኖ ከብርጭቆ የሚጠጣ እስኪሆን፣ የዱቄት ሽታው እስኪጠፋ ይንተክተክ። በፍስክ ቀን ወተትና ትንሽ ቅቤ ሲገባበት የሙሉ ማዕድ ያህል ኃይል ይሰጣል። ወተቱ የተፈላ ይሁን፤ ጥሬ ወተት ለታመመ ሰው አይሰጥም።

በሶ ደግሞ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይጠይቅም። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አቅጥኖ በጥብጦ፣ ጨው ጣል አድርጎ ወይም ማር ጠብ አድርጎ መጠጣት ነው። ጠንከር ተደርጎ በተለወሰ በሶ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ ጭብጦው ጥርስ ላይ ተለጥፎ በየብራኬቱ ዙሪያ ይጠቀጠቃል፣ ለማጽዳትም ያደክማል። ገንፎም ከተለመደው ላላ ብሎ ቢገነፋ ይመረጣል። ማሽላና ጤፍ በሚበዛበት በመርሐቤቴ ቆላ የማሽላ ወይም የጤፍ ሙቅ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከፍታው ስለ ምግብ ማብሰል የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። ውሃ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቀድሞ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ድስቱ እየፈላ ነው፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል። የአዲስ አበባ ክክ የሚበስልበት ሰዓት ለመሐል ሜዳ ክክ የማይበቃው ለዚህ ነው። ለጤነኛ ሰው ትንሽ ጠንከር ያለ ክክ ምንም አይደለም፤ ሽቦዋ ሰሞኑን ለጠበቀባት ልጅ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ሕመም ነው። ባቄላውም ምስሩም ክኩም ከዋዜማው ይዘፍዘፍ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀል፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ይሁን።

በጾም ቀን ምን ይቀርባል የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር ሊታለፍ የማይችል ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ ገና ላይ ይፈታል፤ ብርዱና ጉንፋኑ የሚበረቱበትም ጊዜ ይኸው ነው። ወተትና እንቁላል በሌለበት ጊዜ ሱፍ ፍትፍት ይድረስ። ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ የሚወጣው ወተት የመሰለ ውሃ ስብም ጉልበትም አለው፤ እንጀራው በእሱ ከራሰ በኋላ በምላስና በላንቃ መካከል ይሟሟል። ተልባም እንዲሁ ነው፤ ተቆልቶ ደቅቆ ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ ማለስለሻ ይሆናል፣ የሚከረክር ጉሮሮንም ያረጥባል። ቀጠን ያለ ሽሮና የምስር ሾርባ ሰውነት የሚጠገንበትን ፕሮቲን ይሰጣሉ። ደግሞም ቤተ ክርስቲያን በጠና የታመመን ሰው በጾም አታስጨንቅም። ትኩሳት የያዛት ልጅ ወተት ቢያስፈልጋት ቤተሰቡ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ በራሷ ላይ ፈርዳ በባዶ ሆዷ አትሰንብት።

ጾሙ ሲፈታ በግ ይታረዳል። ከመንዝ በግ ሥጋ ፊት ተቀምጦ አለመብላት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። በዚያ ሳምንት ግን አጥንት መጋጥና ጥብስ መጎተት ይቅር። መረቁ ይጠጣ፤ ሥጋው ደቆ ተከትፎ ምንቸት አብሽ ይሠራላት። አልጫ ሲሠራ እርዱ ነጣ ያሉትን የብሬስ ላስቲኮች ቢጫ እንደሚያደርጋቸው ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው፤ በርበሬም ያቀላቸዋል። ጉዳት የለውም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ላስቲኮቹ ይቀየራሉ።

እንጀራ ለስላሳ ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይቀርብም። ትልቅ ቁራሽ በፊት ጥርስ ሲገነጠል ሕመሙ ራስ ድረስ ይሰማል፤ ያልራሰው ጫፍም በሽቦው ላይ ይጠመጠማል። ደቆ ተቆርሶ በመረቅ ወይም በሽሮ የራሰ ፍትፍት ነው መድኃኒቱ። የምታጎርስ እናት ጉርሻዋን ታሳንስ፤ ከፊት ጥርሶቹ አሳልፋ ወደ ምላሱ መካከል ታስቀምጠው። ልጅቱ በመንጋጋዎቿ ቀስ ብላ ትጨርሰዋለች። ድርቆሽም በደንብ ከራሰ ይበላል። ዳቦ ከሆነ ቅርፊቱ ይነሳና ውስጡ ሻይ ውስጥ ተነክሮ ይጎረስ።

የምግቡ ሙቀት ከምናስበው በላይ ይሠራል። ሐኪሞች በሕክምናው የመጀመሪያ ወራት አዘውትረው የሚያስሩት ከኒኬልና ከቲታኒየም የተቀላቀለ ሽቦ ነው። የዚህ ሽቦ አንዳንዱ ዓይነት ሙቀት ሲነካው ይጠነክራል፣ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። ስለዚህ እሳት የመሰለ ሻይ ለጥቂት ጊዜ የሽቦውን ግፊት ሊያበረታው ይችላል፤ የቁስሉን ማቃጠል ሳንቆጥር ማለት ነው። «ለጉንፋን ትኩስ ትኩሱን» የሚለው ምክር ለብ ባለ መተካት አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ ጉንጭ ውስጥ ለአፍታ ይዞ መትፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያስታግሳል። ብርዱን ፈርቶ ውሃ ያሞቀ ሰው አይሳሳት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጉንፋን አያመጣም፣ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው።

እስኪሻላት ብቻ ሳይሆን ሽቦው እስኪወልቅ ድረስ የሚቀሩ ነገሮች አሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አሹቅ፣ ደረቅ ቂጣ፣ ከቆረቆንዳው የሚጋጥ የበቆሎ እሸት፣ ሸንኮራ፣ ማስቲካ፤ እነዚህ ብራኬት ይነቅላሉ፣ ሽቦ ያጣምማሉ። ፈንዲሻ ለስላሳ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጭኑ ልጣጩ ድድ ውስጥ ገብቶ ያመረቅዛል። የተነቀለ ብራኬት ከተማ ላይ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። የጥርስ ማስተካከያ ስፔሻሊስቶች በአብዛኛው የሚገኙት አዲስ አበባ ስለሆነ፣ መሐል ሜዳ ወይም የግሼዋ ራቤል ላይ ለተነቀለበት ሰው የረጅም መንገድ ጉዳይ ይሆናል፤ ሕክምናውንም ያዘገያል።

የቤት መድኃኒቶችን በተመለከተ፣ ከእናቶች እውቀት ጋር የምጣላበት ምክንያት የለኝም፤ ግን አፉ የቆሰለ ሰው ሁሉንም አይችልም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ቁስሉን ያቃጥላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ሾርባ ውስጥ በስሎ ይግባ። ሎሚ አሲድ ነው፤ በብዙ ውሃ ካልቀጠነ ያቆስላል፣ ጥርስንም ይጎዳል። ዝንጅብል ያለበት ሻይ ለብ ብሎ ይጠጣ። ማር ሳልን ያስታግሳል፤ ሆኖም ማር ልሶ አፍን ሳይታጠቡ መተኛት በብራኬቱ ዙሪያ ስኳር ቀብቶ ማደር ነው። በውሃ መጉመጥመጥ ይከተል። ለጉሮሮ ተብሎ የሚመጠጥ ጠንካራ ከረሜላም ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሲነከስ ብራኬት ይነቅላል፣ ሲሟሟ ጥርስ ያበሰብሳል። አረቄን ለጉንፋን ማዘዝ ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው። አፍን ያደርቃል፣ ቁስልን ይለበልባል፤ ከፓራሲታሞል ጋር ሲሆን ጉበት ላይ አደጋ አለው።

ፓራሲታሞል ለትኩሳቱም ለጥርሱም ሕመም ይሆናል። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 500ውን ከ8 ፍሬ ማሳለፍ የለበትም፤ ለልጅ መጠኑ በክብደቱ ነው የሚለካው፣ ፋርማሲውን መጠየቅ ይገባል። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጣቸው ፓራሲታሞል እንዳለ ልብ ይበሉ፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ሳያውቁ መጠን ማለፍ ነው። አስፕሪን ትኩሳት ላለበት ልጅ አይሰጥም። ሽሮፕ ከሆነ የታዘዘው ስኳር ስላለው ከዋጡ በኋላ አፍን በውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

ማስታወክ ሲመጣ የሁሉም ደመ ነፍስ ወዲያው ጥርስ መቦረሽ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ከጨጓራ የወጣው አሲድ የጥርሱን ውጫዊ ሽፋን ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ በዚያ ላይ ብሩሽ ሲደረግ ይፈገፈጋል። በብዙ ውሃ መጉመጥመጥና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መቦረሽ ነው ትክክሉ። ተቅማጥ ከታከለበት ብዙዎች ለምለም የሚሉት ኦ.አር.ኤስ. ከጤና ኬላው ይወሰድ፤ በዱቄቱ ከረጢት ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት መጠጣት ነው። ላይና ታች ጥርስን የሚያያይዝ ላስቲክ ያላት ልጅ እያቅለሸለሻት ከሆነ አውልቃው ለሐኪሟ ትደውል።

ታማሚ ጥርሱን መቦረሽ ሲተው አይፈረድበትም፤ ክንዱ ይዝላል፣ ድዱ ያምመዋል። ግን አጥሚትና በሶ በብራኬት ዙሪያ ተለጥፈው ሁለት ሦስት ቀን ከቆዩ ድዱ ያብጣል፣ ሲቆይም ጥርሱ ላይ የማይለቅ ነጭ ነጥብ ይወጣል። ለስላሳ ብሩሽ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦም ቢሆን፣ ቢያንስ ማታ ማታ መቦረሽ አይቅር። የወይራ መፋቂያ ብሬስ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፤ በሽቦው ሥር ግን አይገባም፣ ሽቦውንም ሊያጣምም ይችላል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ አሟሙቶ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጉመጥመጥ ቁስሉን ያደርቃል፤ አይዋጥም፣ ይተፋል።

የሚወጋ የሽቦ ጫፍ ካለ ሐኪም የሚሰጠው የብሬስ ሰም ነው መፍትሔው፤ ቦታው በንጹሕ ጨርቅ ይደርቅና አተር የምታህል ሰም ተድቦልቡላ ትለጠፍበት። ሰም ከሌለ ጫፉን በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ገፋ አድርጎ ወደ ጥርሱ ማስተኛት ይቻላል። በጉጠት መጎተት፣ በቢላ መጫን ፈጽሞ አይሞከር። የተነቀለ ብራኬት ቢዋጥ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሳል ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ከመጣ ግን ሰዓት ሳይባክን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ አጥብቄ የምለው አለኝ። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ በሽቦው አይመካኝ። ልጅ በድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ጉሮሮው ቀልቶ ሲውጥ የሚያመው ከሆነ፣ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽም ከሌለው የባክቴሪያ ቶንሲል ሊሆን ይችላል። ይህ ካልታከመ በኋላ የልብ በር የሚያበላሸውን የሩማቲክ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ በአገራችን ስንት ወጣት ያጎደለ በሽታ ነው። መከላከያው ፔኒሲሊን ነው፤ እንጥል ማስቆረጥ መድኃኒት አይደለም፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ። ፊት ያበጠበት፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ቀኑን ሙሉ ያልሸና፣ ወይም ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ያለፈ ሰው ቤት አይቀመጥም። መንዝ ላይ ያለ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ መርሐቤቴ ያለ ዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል፣ የበረታበት ወደ ደብረ ብርሃን ይሂድ።

ለበዓል አገር ቤት የምትሄዱ ብሬስ ያሰራችሁ ልጆች፣ ከመነሳታችሁ በፊት የሽቦ ማጥበቂያ ቀጠሯችሁን ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም እንዲል ጠይቁ። ቦርሳችሁ ውስጥ ለስላሳ ብሩሽ፣ የብሬስ ሰምና የሐኪማችሁን ስልክ ቁጥር ያዙ። ለእናቶቻችሁም ደውሉላቸው፤ ቆሎው ይቆይ፣ የአጥሚቱ ዱቄት ይነፋ በሏቸው።